የጸደይ ሥራ በእንግሊዝ የአትክልት ማሳዎች፦ ጥያቄና መልስ

በእንግሊዝ አገር አሎትመንት የሚባለውን፣ ካውንስል ከሚባለው የአካባቢ አስተዳደር በዓመት ኪራይ የሚያዘውን የአትክልት ቦታ በለንደን ዳርቻ ማልማት ከጀመርሁ ዐሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የማኅበራችን አባላት ስለ ጸደይ ሥራ ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን ያህል ከዚህ በታች መልሻለሁ። የአባቶቻችን የወቅት አከፋፈል ጸደይን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ስለሚያደርገው ከእንግሊዞቹ ጸደይ ጋር በብዙው ይገጣጠማል። ይሁን እንጂ የአገራችን ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብን ሲሆን እዚህ የሚጠበቀው የብርዱ መልቀቅ ነው፤ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹም ከዚህ ልዩነት የሚነሡ ናቸው።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ ጋሼ፣ ቦታውን ለማግኘት ምን ማድረግ አለብኝ? ስፋቱስ ምን ያህል ነው?

ለሚኖሩበት አካባቢ ካውንስል ያመልክቱ፤ ማመልከቻው ቀላል ነው፣ ተራው ግን በብዙ ቦታ ዓመታት ያስጠብቃል። ሙሉ ቦታ የሚባለው በጥንቱ ልኬት 10 ሮድ፣ ማለትም 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለጀማሪ ግማሹ ይበቃል፤ እኔም ሙሉውን ይዤ ሁለት ዓመት ከአረም ጋር ስታገል ከከረምሁ በኋላ ግማሹን መልሻለሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1908 የወጣው ሕግ የአትክልት ቦታ ፈላጊዎች ባሉበት ካውንስሉ ቦታ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ስድስት ነዋሪዎች ተፈራርመው በጽሑፍ ቢጠይቁም ጥያቄውን ሊመለከት ግድ ይለዋል። የመሐል ለንደን ካውንስሎች ግን ይህ ግዴታ የለባቸውም። እስከዚያው ወደ ቦታው ሄደው ከባለማሳዎቹ ጋር ይተዋወቁ፤ ዕድሜ የከበዳቸው አንዳንድ አዛውንቶች የሚያግዛቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ (ከሊድስ)፦ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ቀኑም ሞቋል። አሁን በማርች መጨረሻ ቦሎቄና ዱባ ብዘራ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ፀሐይዋ የምታሞቀው አየሩን መሆኑ ነው። አፈሩ ክረምቱን፣ ማለትም የዚህን አገር የብርድ ወቅት፣ ሙሉ ውኃ ጠጥቶ የሰነበተ ስለሆነ ከአየሩ ብዙ ሳምንታት ዘግይቶ ይሞቃል፤ የቦሎቄ ዘርም ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ እርጥብ አፈር ውስጥ ሳይበቅል ይበሰብሳል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራው ውርጩ ነው። በለንደን አካባቢ ውርጭ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ እናንተ ባላችሁበት በሰሜኑ ደግሞ እስከ ሜይ መጨረሻ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛው ዓመቴ ሜይ አጋማሽ ላይ ሠላሳ ያህል የቦሎቄ ችግኞች አውጥቼ ተከልሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊቱ ጥርት ብሎ አደረና ጠዋት ስደርስ ቅጠሎቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁረው ተጣጥፈው አገኘኋቸው። አጠገቤ ያለው አዛውንት ምንም አላለኝም፤ ጎንበስ ብሎ የእጁን ጀርባ አፈሩ ላይ አሳረፈና እኔም እንደዚያው እንዳደርግ ምልክት ሰጠኝ። አፈሩ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀን መቁጠሪያ አይቼ ዘርቼ አላውቅም፤ እጄን ሳሳርፍ ቅዝቃዜው የማይቆረጥመኝ ሲሆን እዘራለሁ።

ስለዚህ ቦሎቄውንና ዱባውን በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብ በትንንሽ ዕቃ ያፍሉ። ከመትከልዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን ቀን ከቤት ውጭ እያዋሉ፣ ማታ ማታ እያስገቡ ከብርዱ ጋር ያለማምዷቸው፤ ከዚያ በጁን መጀመሪያ ይትከሏቸው። አሁን እጅዎ ሥራ ከፈለገ ባቄላ ይዝሩ። ባቄላ ብርድ የሚችል ተክል ስለሆነ በፌብሩዋሪም በማርችም ይዘራል፤ በኖቬምበር የዘሩት ደግሞ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን እሸት ይሰጣል። ሲያብብ ጫፉ ላይ ጥቁር ክሽክሽ ይሰፍርበታልና የታችኛው አበባ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ጫፉን በጣትዎ ይቅጠፉት።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የሐበሻ ጎመን እዚህ ይሆናል? የሁዳዴ ጾም ሲደርስ ከራሴ ማሳ ለመብላት እመኛለሁ።

ይሆናል፣ በደንብም ይሆናል፤ ምኞትዎ ግን ከዚህ አገር አስቸጋሪ ወቅት ጋር ይጋጫል። እንግሊዞች በኤፕሪልና በሜይ ያለውን ጊዜ የረሃብ ክፍተት ይሉታል፦ የክረምቱ አትክልት አልቋል ወይም አብቧል፣ አዲስ የተዘራው ደግሞ ገና ሁለት ቅጠል ነው። ማሳው ከሁሉ ይበልጥ የሚያምርበትና ከሁሉ ያነሰ የሚሰጥበት ወቅት ይኸው ነው። ለሁዳዴ የሚሆን ጎመን ከፈለጉ ማሰብ ያለብዎት ከስምንት ወር በፊት ነው። ኬል የሚባለውን የዚህን አገር ጎመን በጁን አፍልተው በጁላይ ወይም በኦገስት መጀመሪያ ቢተክሉት ክረምቱን ቆሞ ያልፋል። በማርች አዲስ ያቆጠቁጣል፤ ሳይፈነዳ የተቀጠፈው የአበባ ቀንበጡም በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሰው ሲበሉት ከቅጠሉ ይጣፍጣል።

የአገራችንን ጎመን በኤፕሪል መጀመሪያ ይዝሩት። በእኔ ማሳ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ቶሎ ወደ አበባ ስለሚሮጥ በአንድ ጊዜ አልጨርሰውም፤ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እዘራለሁ። መረብ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልብሱት። እርግቦች አንድ መደብ ጎመን በአንድ ጠዋት አጥንቱን አስቀርተው ይበሉታል።

ጥያቄ (ከብሪስቶል)፦ ቀንድ አውጣ ችግኜን ሁሉ ጨረሰው። መርዝ ልጠቀም?

ሜታልዴሃይድ ያለበትን የድሮውን ሰማያዊ ፍሬ መርዝ ከቤት ውጭ መጠቀም በታላቋ ብሪታንያ ከማርች 31 ቀን 2022 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ወፎችንና ጃርቶችን ስለሚጎዳ ክልከላው ተገቢ ነው። ጎረቤት የተረፈውን ቢሰጥዎ እንኳ አይቀበሉ። የተፈቀደው ፌሪክ ፎስፌት ያለበት ነው፤ እሱንም በቁጠባ ይጠቀሙ። እኔ ማታ በባትሪ ወጥቼ በእጄ እለቅማለሁ፤ ችግኙንም ግንዱ እስኪጠነክር ድረስ በዕቃ አቆየዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ቢያጠጡም መልካም ነው፤ ማታ የረጠበ መደብ ለቀንድ አውጣ የተነጠፈ መንገድ ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ጤና አዳምና በሶብላስ?

ጤና አዳም የእንግሊዝን ክረምት ይችላል፤ ውኃ የማይተኛበትና ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ብቻ ይስጡት። በጸደይ ሲገርዙት ጓንት ያድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራልም። በሶብላ ግን ውርጭ አይችልም፤ እንደ ቦሎቄው ቤት ውስጥ አፍልተው በጁን ያውጡት።

ጥያቄ (ከማንቸስተር)፦ በማሳዬ ዳር ያለው ቁጥቋጦ አጥር አድጎብኛል። በኤፕሪል ብቆርጠው?

አይቁረጡት። ከማርች እስከ ኦገስት ወፎች የሚፈለፍሉበት ወቅት ነው፤ ወፏ እየተጠቀመችበት ያለውን ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስ በ1981 ሕግ ወንጀል ነው። ሮቢን የምትባለዋ ደረተ ቀይ ወፍ አፈር ስቆፍር እግሬ ሥር ድረስ እየመጣች የተገለበጠውን ትል ትለቅማለች፤ ጎጆዋ ደግሞ ከአጥሩ ውስጥ ነው። እስከ ሴፕቴምበር ይታገሡ።

ጥያቄ (ከማንቸስተር)፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቻችን ጋር ወደ ገጠር መውጣት እንፈልጋለን። በሰው እርሻ ማለፍ አያስከስስም?

በተፈቀደው መንገድ እስከሄዳችሁ ድረስ መብታችሁ ነው። የእግረኛ መንገድ በቢጫ ቀስት፣ ፈረስና ብስክሌት ጭምር የሚያልፍበት ደግሞ በሰማያዊ ቀስት ይጠቆማል። ከእናንተ ቅርብ የሆነው የኪንደር ስካውት ተራራ፣ በኤፕሪል 24 ቀን 1932 ሠራተኞች ተሰባስበው የባለመሬቶቹን ክልከላ ጥሰው የወጡት ነው፤ በዚያ የተነሣ አምስት ሰዎች ታስረዋል። ያልታረሰ ተራራና ሜዳ ላይ በነፃ የመራመድ መብት በሕግ የጸናው ግን በ2000 ነው። ልጆቻችሁን እዚያ ስትወስዱ ይህን ንገሯቸው።

በጸደይ ሁለት ነገር አትርሱ። በጎች የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ የከፈታችሁትን በር ዝጉ፤ ውሻ ካላችሁም በእነዚህ ነፃ ሜዳዎች ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ከ2 ሜትር በማይበልጥ ገመድ መያዝ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ በኤፕሪል መጨረሻ ጫካውን ሰማያዊ የሚያደርገው ብሉቤል የሚባለው የዱር አበባ ነው። ለፎቶ ብላችሁ መሐሉ አትግቡ፤ አንዴ ቅጠሉ ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ይፈጅበታል። የዱር ነጭ ሽንኩርት የሚለቅሙ ከሆነ ቅጠሉን አንድ በአንድ እያዩ ይቅጠፉ፣ ምክንያቱም መርዛማ ቅጠሎች ከመካከሉ ይበቅላሉ፤ እጅዎ አንዴ ሽንኩርት ከሸተተ በኋላ ማሽተት ብቻውን አያድንም። ስትመለሱ የልጆቹን እግር ከመዥገር ፈትሹ።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ ቦታ ባገኝ ጎረቤቶቹ እንዴት ይቀበሉኛል ብዬ እሰጋለሁ።

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ችግኝ። መንገዱን ከአረም ያጽዱ፣ የጋራ በሩን ይቆልፉ፣ የውኃ ቱቦውን ለረጅም ሰዓት አይያዙ። አፈር ላይ እጁን ያሳረፈልኝ አዛውንት ባለፈው ጸደይ ስድስት የጎመን ችግኝ ስሰጠው፣ እሱ ደግሞ ሩባርብ የሚባለውን ተክል ከሥሩ በአካፋ ከፍሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዘንድሮ ቀይ ቡቃያው ገለባውን ሰንጥቆ ወጥቷል። ሥሩ እንዲጠነክር ገና በመጀመሪያው ዓመት አይቆረጥም ብሎኛልና አልነካሁትም።