ከሐይቅ ዳርቻ ተነሥቼ ካፒቴን ሆንሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን እነሆ እመልሳለሁ

ያደግሁት ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ ነው። ዛሬ እንግዶች ከነካፒቴኑ የሚከራዩትን ባለ ሸራ ጀልባ በባሕር ላይ እመራለሁ። ለዕረፍት ስመጣ ብዙ ሰው ስለ ሥራው ስለጠየቀኝ፣ በአንድነት ልመልስ።

ጋሼ፣ የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ እንዴት የባሕር ካፒቴን ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

እኔን ያስተማረኝ ሐይቃችን ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፤ ንፋስ ሲነሣበት የሚንቀው ጀልበኛ የለም። በልጅነታችን ከማዳበሪያ ጆንያ ሸራ ሰፍተን ነበር። የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ ሲጀምር ጀልባዋ ወደ ንፋሱ አብዝታ ዞራለች ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ ጆንያ ነው። ሐይቁ ያላስተማረኝ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ የሚለውን የባሕር ውኃ ነው፤ እሱን ለመማር ባሕር ድረስ መሄድ ግድ ነው።

ምን ዓይነት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል? (ከደሴ)

እኔ የያዝሁት ሮያል ያችቲንግ አሶሲዬሽን የተባለው የእንግሊዝ የጀልባ ማኅበር የሚሰጠውን፣ ያችትማስተር ኦፍሾር የሚባለውን የጀልባ ካፒቴንነት ምስክር ወረቀት ነው። ለፈተናው ለመቅረብ 50 ቀን በባሕር ላይ ማሳለፍና 2,500 የባሕር ማይል መጓዝ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ከ60 ማይል የሚበልጡ 5 ጉዞዎች ይጠየቃሉ፤ ከእነሱ ሁለቱ ሌሊቱን የሚያካትቱ፣ ሁለቱ ደግሞ ራሳችሁ የመራችኋቸው መሆን አለባቸው። የራዲዮና የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠናም አለ። እየተከፈላችሁ ሰው ለመጫን ደግሞ የጤና ምርመራና በባሕር ላይ አደጋ ሕይወትን የማዳን ሥልጠና ይጨመራል።

አደራ የምላችሁ፣ እያንዳንዱን የጉዞ ቀን የዚያኑ ዕለት ማታ መዝግቡ። በረዳትነት ያሳለፍኋቸውን የመጀመሪያ 3 ወራት አልመዘገብሁም ነበርና አንዱም ቀን አልተቆጠረልኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብማርስ?

መልካም ነው፤ ነገር ግን እዚያ ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ በዋናነት የሚሠለጥኑት የምሕንድስና ምሩቃን ናቸው፤ የሚሠማሩትም በትልልቅ የጭነት መርከቦች ላይ ነው። መንገዱ ሌላ ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው?

ጀልባ መውደድና ሰው መጫን ሁለት ነገር መሆናቸውን መቀበል። ብቻዬን ብሆን ንፋሱ ሲበረታ ደስ ይለኛል፤ ባሕር አይታ የማታውቅ ሕፃን ተሳፍራ ከሆነ ግን ያው ንፋስ ሲመጣ ሸራውን ቀድሜ አሳንሳለሁ። እንግዶች ሲተኙ እኔ መልሕቁን እጠብቃለሁ። መዳፌን በሰንሰለቱ ላይ አሳርፌ አዳምጣለሁ፤ ጸጥ ካለ መልሕቁ መሬቱን ነክሷል፤ እየዘለለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን እየተጎተተ ነውና እንቅልፍ የለም። ጠዋት ቡና አፍልቼ፣ እንዴት አደራችሁ ብዬ፣ የሌሊቱን ድካም ሳላሳይ እቀበላቸዋለሁ። ይህን የማይወድ ሰው ለራሱ ደስታ ቢቀዝፍ ይሻለዋል።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ ነው?

አይደለም። በሜዲትራኒያን ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት፣ በካሪቢያን ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ለእኛ ፓስፖርት ቪዛው ከፈተናው ይብሳል፤ ጊዜ ስጡት።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ከሐይቁ አይወጣም። ልከልክለው? (እናት፣ ከሐይቅ)

እናቴ፣ አይከልክሉት። ነገር ግን በደንብ መዋኘት ይማር፤ ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብስ ጀልባ ላይ አይውጣ። ትምህርቱንም አይተው፤ የባሕር ራዲዮው በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ንፋስ ሳይነሣ ይላኩልኝ፤ ጀልባዋን አብረን እናወጣለን። እርስዎም ይምጡ፤ የመጀመሪያ ተሳፋሪው ይሁኑለት።