አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ማጽዳትና ማደስ፦ ከጣና ዳር የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከባሕር ዳር፣ ከዘጌና ከጎርጎራ የቀረቡ ናቸው። የሚመልሱት በጊታር ጥገና ሥራ የቆዩ ጋሼ ናቸው።

ጥያቄ (አባይ ማዶ)፦ ጋሼ፣ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጊታር እጄ ገባ። ቦዲው ጥቁር እድፍ ይዟል፣ ሲነኩትም ይጣበቃል። በምን ላጽዳው?

መልስ፦ መጀመሪያ በምን እንደተቀባ እወቅ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የተሠሩት የአሜሪካ ጊታሮች አብዛኞቹ የናይትሮሴሉሎስ ላከር (በአጭሩ ናይትሮ፣ እንደ ቫርኒሽ ያለ ቅብ) አላቸው። ፌንደር በ60ዎቹ መጨረሻ ወደ ፖሊስተር ሲዞር ጊብሰን በናይትሮው ቀጥሏል። ለመለየት ከፒክጋርዱ (ቦዲው ፊት ላይ ከተገጠመው መከላከያ ሽፋን) ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በጥጥ ጫፍ ትንሽ አሴቶን ንካበት። ናይትሮ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ፖሊስተር ምንም አይሆንም። አሴቶኑን ከዚህ ሙከራ ውጭ ለምንም አትጠቀምበት።

ከዚያ ከቀላሉ ጀምር። የቆየ የጥጥ ካኔቴራ በለብታ ውሃ አርጥበህ አጥብቀህ ጭመቅ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምርበት፣ በትንሽ በትንሹ ጥረግ፣ ወዲያው በደረቅ አድርቅ። ላከሩ ከተሰነጠቀ ውሃው በስንጥቁ ወደ እንጨቱ ይገባልና ይህን ዝለለው። የቀረውን የላብና የቅባት ክምችት በላይተር የሚሞላው ፈሳሽ ቤንዚን ያነሳዋል። ይህን ግን መስኮት ከፍተህ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ሥራ። አልኮል አታስጠጋ፤ ሲሊኮን ያለበት የቤት ዕቃ ማወልወያም አይሆንም፣ ወደፊት የላከር ጥገና ቢያስፈልግ አዲሱ አይይዝም። ከጽዳት በኋላም አንዱ ቦታ ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ ጊታሩ በጎማ መስቀያ ላይ ቆይቶ ጎማው ናይትሮውን አለስልሶታል ማለት ነው። እሱ በመጥረግ አይለቅም።

ጥያቄ (ዘጌ)፦ ሳጥኑ ሻግቷል። ጊታሩን ከነሳጥኑ ፀሐይ ላይ ላውጣው?

መልስ፦ ሳጥኑን ብቻ። አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ ምታው፣ ክፍት አድርገህ ንፋስ ያግኘው። ጊታሩ ከፀሐይ ይራቅ፤ ሙቀት ላከሩን ይሰነጥቃል፣ ኮላውንም ያላላል። ክረምቱን በሙሉ የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል አኑር፣ ከግድግዳም አርቀው።

ጥያቄ፦ ፍሬትቦርዱ (ክሮቹን የምንጫንበት የአንገቱ ፊት) ደርቆ ነጣ። የኑግ ዘይት ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ ቆሻሻም ይሰበስባል። ፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ይሻላል፤ ለመላው ፍሬትቦርድ አምስት ስድስት ጠብታ በጨርቅ ቀብተህ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በደንብ ጥረገው። በዓመት አንዴ ይበቃል። ይህ ለጥቁሩና ለቡናማው እንጨት ነው። ነጩ ሜፕል ላከር ስላለው ዘይት አይፈልግም።

ፍሬቶቹን፣ ማለትም ፍሬትቦርዱ ላይ የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ በጣም ልሙጥ የብረት ሱፍ፣ አራት ዜሮ የሚባለው፣ ያበራቸዋል። ግን አስቀድመህ ፒካፖቹን (ከክሮቹ ሥር ያሉትን ድምፅ የሚቀበሉ ማግኔትና የሽቦ ጥቅሎች) በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። የብረቱ ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተለጠፈ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል።

ጥያቄ (ሽንብጥ)፦ ብሪጁ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ዝጓል፣ በአቼቶ ብነክረውስ?

መልስ፦ አቼቶ ከዝገቱ ጋር ኒኬሉንም ይበላል። ነቅለህ በስፌት ማሽን ዘይት አሳድረውና በጥርስ ብሩሽ ፈትገው። ቪቴው አልፈታ ካለ ካቻቪቴ አታስጨንቅበት፣ ዘይቱ ይግባ። ቀዳዳው ከሰፋ ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ነክረህ ሙላው፣ ሲደርቅ መልሰህ ቪቴውን ያዝ።

ጥያቄ፦ ቮልዩሙን ሳዞር ይንኮሻኮሻል። አንዱ ፒካፕ ደግሞ ጨርሶ አይሰማም።

መልስ፦ ለቮልዩሙ የኤሌክትሮኒክስ ኮንታክት ማጽጃ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ትንሽ ረጭተህ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዙረው። ለብሎን ማላቀቂያ የሚረጨው ዘይት ተመሳሳይ መስሎ ያታልላል፣ ግን ቅባት ትቶ አቧራ ይይዛል። ካልዳነ ይቀየር፦ ለነጠላ ጥቅል ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር (ባለሁለት ጥቅል ፒካፕ) 500። የወጣውን አትጣል፤ ዋናው ዕቃ አብሮት ሲኖር ጊታሩ ዋጋው ይጠበቃል።

ፒካፑን በቴስተር ለካ። ነጠላ ጥቅል ከሆነ ከ5 እስከ 7፣ ሃምበከር ከሆነ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም አካባቢ ቢያሳይ ደህና ነው፣ ችግሩ ከስዊቹ ወይም ከሊዱ (ከፒካፑ ከሚወጣው ሽቦ) ነው። ጨርሶ ካልቆጠረ ጥቅሉ ተበጥሷል። ግን መጀመሪያ ሽቦዎቹ የሚወጡበትን የሊድ ነጥብ እይ፤ ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው እዚያ ነው። ጥቅሉን አትፍታ። ሽቦው 0.06 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ጥፍር ሲነካው ይበጠሳል። ማሽን ላለው ጠምጣሚ ስጠው።

ጥያቄ፦ ክሩን ስነካ ከአምፕሊፋየሩ የሚሰማው ጩኸት ይቀንሳል፣ ስለቀው ይመለሳል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ የብሪጁ ኧርዝ እንደሚሠራ ያሳያል። ስትነካው ከባሰ ግን የጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ሁለት ሽቦዎች ተገለባብጠዋል። ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ጊታሩን አትመርምር፣ አምፕሊፋየሩን ንቀል። አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ባለሁለት እግር ሶኬት ናቸው፣ አንዳንዶቹም ለ100 ወይም ለ110 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ እኛ 220 ላይ ይቃጠላሉ። ውስጡን ራስህ አትክፈት፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ አደገኛ ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ ላከሩ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ላስቀባው?

መልስ፦ እባክህ አታድርገው። ስንጥቁ የዕድሜ ምልክት ነው፣ ድምፁንም አይጎዳም። የተፋቀ ቀለም አይመለስም፣ ዋጋውም በእጅጉ ይወርዳል።

ጥያቄ (ጎርጎራ)፦ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ስጫወት ትዝታ ላይ ብዙም አይታወቅም፣ አንቺ ሆዬ ላይ ግን ከላይኞቹ ፍሬቶች ቅኝቱ ይስታል።

መልስ፦ ትክክል ሰምተሃል። አንቺ ሆዬ ውስጥ የግማሽ ድምፅ ርቀት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ትዝታ ሜጀር ግን የለውም። ስለዚህ ትንሿ ስሕተት እዚያ ትጋለጣለች። አዲስ ክር አስገባ፤ በአሮጌ ክር የሚስተካከል ቅኝት የለም። ቀጥሎ አንገቱን እይ፦ ክሩን አንደኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ስትጫን ሰባተኛው ላይ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ትሩስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ዘንግ) ካለና ማስተካከል ካስፈለገ ልኩ በሆነ ብሩጎላ ወይም ቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ አዙረህ አሳድረው። ከጠነከረ አታስገድደው፣ ከተሰበረ ጥገናው ከባድ ነው።

ከዚያ በቲዩነር (በቅኝት መለኪያ) 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫን ነክተህ ብቻ የምታወጣውን ድምፅ) እና ተጭነህ የምታወጣውን ድምፅ አወዳድር። የተጫንከው ከቀጠነ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ከአንገቱ አርቅ፣ ከወፈረ አስጠጋ፣ ስድስቱንም ክር እንዲሁ። ሳድል የሌለው የእንጨት ብሪጅ ከሆነ ራሱን ብሪጁን በሁለቱ የዳር ክሮች እየለካህ አንቀሳቅሰው፣ ሲገጥም ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርግ። ክረምት ሲገባና ሲወጣ እንጨቱ ስለሚንቀሳቀስ በሰኔና በመስከረም ደግመህ ለካው።