ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኮርቲሶሌ 6.2 ነው ወይስ 310?

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ለወራት የቆየ ድካም፣ ስነሳ ማዞርና የክብደት መቀነስ ስላስቸገረኝ የኮርቲሶል ምርመራ ታዘዘልኝ። አንዱ ላቦራቶሪ 6.2፣ ሌላው 310 ብሎ ሰጠኝ። ለጉልበቴ ሕመም ፕሬድኒሶሎን አልፎ አልፎ እወስዳለሁ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ከላኩልን ወረቀቶች እንደሚታየው፣ 6.2 የተጻፈው በማይክሮግራም በዴሲሊትር፣ 310 ደግሞ በናኖሞል በሊትር ነው። የመጀመሪያው በ27.6 ሲባዛ 171 ገደማ ስለሚሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

ይህንንም ልዩነት ደም የተቀዳበት ሰዓት ሊያመጣው ይችላል። ኮርቲሶል ከኩላሊቶች በላይ ከሚገኙት አድሬናል እጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን፣ ማለዳ ከፍ ብሎ ቀኑ በገፋ ቁጥር እየቀነሰ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ እጅግ ዝቅ ይላል። 6.2 በወጣበት ወረቀት ላይ 16:10 ታትሟል፤ ይህም ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ስለሆነ፣ ከጎኑ ከሰፈረው የጠዋት መደበኛ መጠን ጋር ሊነጻጸር አይገባም። (የላቦራቶሪ ማሽን «8:00» ብሎ ሲያትም ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጎ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።)

የአድሬናል እጢ መድከም (እጢዎቹ በቂ ኮርቲሶል አለማመንጨታቸው) ሲጠረጠር የሚያገለግለው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የተቀዳ ደም ነው። በአብዛኛው የጠዋቱ መጠን ከ3 ማይክሮግራም በታች ሲሆን ሕመሙ በብርቱ ይጠረጠራል፤ ከ15 በላይ ሲሆን የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ጠዋት የተቀዳው 310 ወደ 11 ማይክሮግራም ስለሚጠጋ፣ ሕመሙ አለብዎት ለማለትም የለብዎትም ለማለትም አያበቃም።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ይህ መድኃኒት በብዙ መመርመሪያዎች እንደ ኮርቲሶል ተቆጥሮ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ለሳምንታት ሲወሰድ ደግሞ አንጎል ለእጢዎቹ የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያፍን እጢዎቹ ራሳቸው የሚያመነጩት ይቀንሳል። የዴክሳሜታሶን መርፌና አንዳንድ የፊት ማቅያ ቅባቶችም የዚሁ የመድኃኒት ወገን ስለሆኑ፣ የተጠቀሙትን ሁሉ፣ ከነመጠኑና ከነጊዜው፣ ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ። በተከታታይ ሲወስዱ ከቆዩ ግን ለምርመራ ብለው በድንገት እንዳያቋርጡ፤ እጢዎቹ ወዲያው ላይነቁ ይችላሉና።

የድሬ ሙቀትም ብቻውን ሊያዞር ስለሚችል፣ የደም ግፊትዎ ተኝተውም ቆመውም ይለካ። ቀጥሎ የጠዋት ኮርቲሶል፣ ኤሲቲኤች (እጢዎቹ ኮርቲሶል እንዲያመነጩ ከአንጎል በኩል የሚያዝዘው ሆርሞን)፣ እንዲሁም የደም ጨዎች የሆኑት ሶዲየምና ፖታሲየም በአንድነት ቢሠሩ መልካም ነው። ኤሲቲኤች በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ናሙናው በበረዶ መያዝ አለበት። ኤሲቲኤች ከፍ ብሎ፣ ሶዲየም ወርዶ፣ ፖታሲየም ከጨመረ፣ በተለይም የድድዎና የመዳፍዎ መስመሮች ከጠቆሩ፣ ችግሩ ከእጢዎቹ ከራሳቸው ነው፤ በዚህ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የሚያውቅ ሰው ይህንን መናገር አለበት፣ በሽታው እጢዎቹን ሊጎዳ ስለሚችል። ውጤቱ አሁንም አጠራጣሪ ከሆነ፣ 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች ተወግቶ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶል ይለካል።

የማያቋርጥ ትውከት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቁ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።