«ሀ ብለህ ጀምር»፦ በዳዊት ውስጥ ስለተገኘው የቁጥር ጽሑፍ የቀረቡ ጥያቄዎችና የተሰጡ መልሶች

በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሰፈራችን የእድር አባል የሆኑ አንድ ጎረቤታችን፣ አቃቂ ይኖሩ የነበሩትን የሟች አባታቸውን ዕቃ ሲያስተካክሉ ከዳዊታቸው ገጾች መካከል አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኙ። በእርሳስ የተጻፈባት የሚከተለው ብቻ ነው፦

231 074 276 142 092 026 326 268 244 141 196

ወረቀቷ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ከምክሩ ይልቅ ሳቁ በዛ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ነገሩ ወደ እኔ ተመራ፤ የሁሉንም ጥያቄ ተቀብዬ በጽሑፍ እንድመልስም ተስማማን።

ጥያቄ (ከወረቀቷ ባለቤት)፦ መምህር፣ እስካሁን የተሰጠኝ ምክር ይህ ነው። አንዱ ሎተሪ ቁረጥበት አለኝ። ሌላው 231 የላይቤሪያ የስልክ መለያ ስለሆነ ሞንሮቪያ ደውል አለኝ። ሦስተኛው «ሀ ብለህ ጀምር» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። ከእነዚህ የሚረባ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የእኛ መለያ 251 እንደሆነው ሁሉ 231 በእርግጥ የላይቤሪያ ነው፤ ሆኖም ዓለም አቀፍ የስልክ ቁጥር ከ15 አኃዝ አይበልጥም፣ በወረቀቱ ላይ ያሉት ግን 33 ናቸው። ሎተሪውን እንለፈው። የሦስተኛውን ሰው ቃል ግን አይጣሉት፤ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ወርቅ ያለበት ቦታ መለኪያ ሊሆን አይችልም? እዚህ አካባቢ መሬት ሲለካ ቀያሾች እንደዚህ ያለ ረጅም ቁጥር ሲጽፉ አይቻለሁ።

መልስ፦ ወርቁ ቀልድ ቢሆንም የቀያሾቹ ነገር ቁም ነገር ስላለበት በጥንቃቄ ልመልስ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ 37ኛው ዞን በሚባለው የካርታ ክፍል ውስጥ ስለሚገኙ፣ የምሥራቅ ልኬታቸው በሜትር ሲጻፍ በ4 የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው። የሰሜን ልኬቱ ደግሞ ከምድር ወገብ ስለሚቆጠር፣ እንደ እኛ ሰፈር ባሉት በደቡቡ ዳርቻ ከአንድ ሚሊዮን ሜትር በታች ሆኖ በ9 ይጀምራል፤ እንጦጦ ላይ ግን ሚሊዮኑን አልፎ ሰባት አኃዝ ይሆናል። የእኛን ቁጥሮች ሁለት ሁለቱን ብናጋጥም የመጀመሪያዎቹ 231074 እና 276142 ይሆናሉ፤ በዚሁ ዞን ላይ ስናስቀምጣቸው የሚያደርሱን ኬንያ ውስጥ ቱርካና ሐይቅ አካባቢ ነው። አንድ የአቃቂ ሰው ሀብቱን ለመደበቅ ያን ያህል ይርቃል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ የተገኘው በዳዊት ውስጥ ነውና የመዝሙር ቁጥር ቢሆንስ?

መልስ፦ መዝሙሩ 150 ነው፤ ተጨማሪው ሲቆጠር 151። ከወረቀቱ 11 ቁጥሮች ስድስቱ ከዚያ ይበልጣሉ። ዳዊቱ የወረቀቱ ማስቀመጫ እንጂ መፍቻው አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰውየው የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ስለነበሩ ቁጥሮቹን ወደ ግዕዝ አኃዝ ብንለውጣቸው ምሥጢሩ አይገለጥም?

መልስ፦ 231 በግዕዝ ፪፻፴፩ ይሆናል፤ ነገር ግን የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። የጻፉት ሰው 74ን «074»፣ 26ን «026» ብለው እያንዳንዱን ቁጥር ሆን ብለው ሦስት አኃዝ ማድረጋቸው፣ የአኃዙ ቦታ ራሱ ትርጉም እንዳለው ያመለክታል። እኔን ወደ መንገዱ ያስገባኝ ይህ ዜሮ ነው።

ጥያቄ (ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ በብዛት የሚደጋገመውን ቁጥር ፈልጎ በብዛት ከሚደጋገመው ፊደል ጋር ማዛመድ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። ያን ሞክረዋል?

መልስ፦ የሰማኸው ዘዴ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ሊቅ አል ኪንዲ በጽሑፍ ያስቀመጠው ነው። እዚህ ግን 11ዱም ቁጥሮች የተለያዩ ስለሆኑ ሙሉ ቁጥሩን ብትቆጥር የምታገኘው ነገር የለም። እኔ የቆጠርኩት የመጨረሻውን አኃዝ ብቻ ነው፤ ሲደረደር 1፣ 4፣ 6፣ 2፣ 2፣ 6፣ 6፣ 8፣ 4፣ 1፣ 6 ይሆናል። ዜሮና 9 የሉም፤ ከአንዱ 8 በቀር ሁሉም ከ7 አይበልጡም፤ 6 ደግሞ አራት ጊዜ ተደግሟል። ሰባት ነገር ያለው፣ ስድስተኛውም ከሁሉ የሚበዛበት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ በጽሑፋችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ቤቶች ሳድሱ ከሁሉም ይበዛል። ቀጥዬ የፊቶቹን ሁለት ሁለት አኃዞች ስመለከት ትንሹ 02፣ ትልቁ 32 ሆነ፤ የአማርኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ 33 ነው። የግዕዙ ብቻ ቢሆን 26 ስለሆነ 32 ሊመጣ አይችልም ነበር። በዚህ ምክንያት ሦስቱ አኃዞች የፊደሉ ተራና የቤቱ ተራ ናቸው ብዬ ገመትኩ። «ሀ ብለህ ጀምር» ያለው ቀልደኛ፣ ሳያውቀው እውነቱን ተናግሯል ማለት ነው፤ መቁጠሩ የሚጀመረው ከሀ ነውና።

ጥያቄ፦ ጠቅላላ አኃዞቹ 33 ናቸው ብለዋል፣ ፊደሉም 33 ነው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ይህም የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ነው?

መልስ፦ አዎን፣ በአጋጣሚ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው ልቤ ደንግጦ አንድ ምሽት ሙሉ በዚህ ጠፋ። ቁጥር ላይ ብዙ ያፈጠጠ ሰው ድንቅ ነገር አያጣም፤ እንዲህ ያለው ግጥምጥሞሽ ግን አንድም ቃል ለማንበብ አልረዳኝም።

ጥያቄ፦ ቤቶቹ ሰባት ከሆኑ 268 ላይ ያለው 8 ምንድን ነው? ንድፈ ሐሳብዎ እዚህ ላይ አይፈርስም?

መልስ፦ ሊፈርስ ይችል ነበር፤ ሁለት ቀን ያስቆመኝም እሱ ነው። በኋላ ትዝ ያለኝ በብዙ የፊደል ገበታዎች ላይ ከሳብዑ ቀጥሎ ሏ፣ ሟ፣ ሯ እያሉ የሚደረደሩት ዲቃላ ፊደላት መኖራቸው ነው። 26ኛው ፊደል ገ ነው፤ ስምንተኛው ጓ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይላል?

መልስ፦ 23ኛው ፊደል የ ነው፤ አንደኛ ቤቱ የ። 7ኛው ሰ ነው፤ አራተኛው ሳ። 27ኛው ጠ፣ ስድስተኛው ጥ። 14ኛው ነ፣ ሁለተኛው ኑ። «የሳጥኑ» ማለት ነው። በዚሁ መንገድ ከ092 እስከ 326 «ቁልፍ»፣ 268 እና 244 «ጓዳ»፣ 141 እና 196 «ነው» ይሆናሉ። ሙሉው ጽሑፍ «የሳጥኑ ቁልፍ ጓዳ ነው» ይላል።

ጥያቄ፦ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሌላ ዓረፍተ ነገር ቢያወጣበትስ? የእርስዎ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። 11 ቁጥር ትንሽ ስለሆነ፣ ስለ መጨረሻዎቹ አኃዞች የተናገርኩት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥርጣሬ ብቻ ነው። የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው፦ ደንቡን አስቀድሜ ካወጣሁ በኋላ አንድም ፊደል ሳልለውጥ፣ ሳልዘልና ሳልጨምር 11ዱም ተከታትለው ንጹሕ አማርኛ ሆኑ። በየቁጥሩ አዲስ ደንብ የሚያወጣ ሰው የፈለገውን ማስነበብ ይችላል፤ አንድ ደንብ ይዞ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ግን ያንን ነፃነት የለውም።

ጥያቄ (ከወረቀቷ ባለቤት)፦ መምህር፣ ይህን ሳነብ ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። አባቴ የቆርቆሮ ሳጥን ነበራቸው፤ መክፈቻው ጠፋ ብለን ከአርባው በፊት ቁልፉን በመዶሻ ሰብረነዋል። ውስጡ የግብር ደረሰኞችና አንድ የታጠፈ የፊደል ገበታ ብቻ ነበር። ገበታውን ምን ይሁን ብለን ችላ አልነው እንጂ አልጣልነውም።

መልስ፦ እባክዎ ገበታውን ይክፈቱና በጠርዙ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር እንዳለው ይመልከቱልኝ፤ በተለይ ከፈ ፊት 32 መኖሩን፣ ከጓ በላይም 8 መኖሩን።

ጥያቄ (ከዚያው ሰው፣ በማግስቱ)፦ ከፈ ፊት 32 አለ። 8ም ከጓ በላይ በደማቁ ተጽፏል። አቃቂ ሄጄም ጓዳውን አየሁ፤ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ አንድ ትንሽ መክፈቻ ተንጠልጥሏል። ከቀብሩ ጀምሮ ስንወጣ ስንገባ እናየው ነበር፤ የምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። አሁን ምን ላድርግበት?

መልስ፦ ከተሰበረው ቁልፍ ጋር አብረው ያስቀምጡት። ገበታውን ግን ለአንድ ቀን ያውሱኝ፤ ለልጅ ልጄ ላሳየው እፈልጋለሁ።