መልስ፦ የወፏን ዕድሜ በምን አወቁ?

ሰላም ወንድሜ። «ሩቅ ደሴት ላይ ያለች ወፍ 70 ዓመት አለፋት ሲሉ፣ የልደት ሰርተፍኬቷን ማን አይቶ ነው?» ላልከው፣ ሳቅኩ፤ ግን ጥያቄህ ልክ ነው።

ነገሩ በቀለበት ነው። ወፏን ይይዙና ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የብረት ቀለበት እግሯ ላይ ያደርጉላታል። ያልካትን ወፍ፣ ዊዝደም የምትባለውን አልባትሮስ (ትልቅ የባሕር ወፍ ናት)፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለው ሚድዌይ ደሴት ላይ ቀለበት ያሰረላት የወፍ ተመራማሪው ቻንድለር ሮቢንስ ነው፤ በ1956፣ በፈረንጅ። ያኔ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ዝርያዋ ደግሞ 5 ዓመት ሳይሞላው እንቁላል አይጥልም። ስለዚህ ቢዘገይ ቢዘገይ በ1951 ተፈልፍላለች። ትክክለኛውን ዓመት ግን ማንም አያውቅም።

በ2002 ያው ሰውዬ ዳግም ያዛት። ማን እንደሆነች ያወቀው ግን በኋላ፣ መዝገብ ሲያገላብጥ ነው። የባሕር ጨው ብረቱን ስለሚበላው ቀለበቱ በየጊዜው ይቀየራል። አዲሱ ቁጥር ከድሮው ጋር ካልተያያዘ ታሪኳ እዚያው ይቋረጣል። እኔን ከወፏ ይልቅ የገረመኝ መዝገቡን የያዙት ሰዎች ናቸው! በ2024 መጨረሻም እንቁላል ጥላለች።

እዚህ አራት ኪሎ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሚያንዣብቡትን አሞራዎች ዕድሜ ግን አትጠይቀኝ። ቀለበት ያለው አላየሁም። ትናንት አንዱ ሳምቡሳዬን ከእጄ መንጭቆ ሲሄድ እግሩን በደንብ አይቼዋለሁ።