ኔት ሲጠፋ ኮዱም ለሚጠፋብሽ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ኮምፒውተር ሳይንስ 4ኛ ዓመት ነሽ፣ ለኢንተርንሺፕ ፈተና ተጠርተሽ ኔት የሌለው ላፕቶፕ ሰጡሽ፣ የቡና አቅራቢዎች ስም ያለበት ፋይል ከፍተሽ እያንዳንዱን መስመር በቃል በቃል ከፋፍዪ ተባልሽ፣ ጽሑፍ የሚቆራርጠውን የፓይቶን ፈንክሽን፣ ስፕሊትን፣ በስፔስ ጠራሽው፣ ውጤቱ መሀል ባዶ ባዶ ነገር እየመጣ አስቸገረሽ፣ ጊዜ እያለሽ ትተሽ ወጣሽ። አሁን ደሞ "ጎግል ከሌለ ምንም አላውቅም ማለት ነው፣ ፊልድ ልቀይር?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አትቀይሪ። የሚያናድደው ነገር ምን መሰለሽ፣ መልሱ እዛው የሰጡሽ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ፓይቶን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲጫን ፓይዶክ የሚባል ዶክመንቴሽን (የፈንክሽኖቹ ማብራሪያ) ማሳያ አብሮት ይገባል፣ ኔት አይፈልግም። ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን፣ ክፈቺና እንደዚህ ጻፊ፦ ፓይቶን፣ ስፔስ፣ ዳሽ ኤም፣ ስፔስ፣ ፓይዶክ፣ ስፔስ፣ ከዛ ኤስቲአር ነጥብ ስፕሊት። ሁሉም በትንሹ ፊደል ነው፣ አንዳንድ ኡቡንቱ ላይ ፓይቶን ከሚለው ጋር 3 ቁጥርን አጣብቀሽ ትጽፊያለሽ። የሚወጣው ገጽ አጭር ነው ግን እያንዳንዱ መስመር ዋጋ አለው፣ መለያያ ካልሰጠሽው ዲፎልቱ (ራሱ የሚወስደው) "ነን" ነው ይልሻል፣ በእንግሊዝኛ ምንም ማለት ነው፣ "ነን" ሲሆን ደሞ በማንኛውም ክፍት ቦታ ይቆርጣል፣ ስፔስ በይው ታብ በይው አዲስ መስመር በይው፣ ባዶ የሆኑትንም ከውጤቱ ይጥላቸዋል። አንቺ ግን አንድ ስፔስ በእጅሽ ሰጠሽው፣ ስለዚህ ሁለት ስፔስ ተከታትሎ ባገኘ ቁጥር መሀሉ ላይ ባዶ ስትሪንግ (ባዶ ጽሑፍ) አስቀመጠልሽ። ቅንፉን ባዶ ብትተዪው ያልቅ ነበር።

ስለዚህ የጎደለሽ የኮድ ችሎታ አይደለም፣ ዶክመንቴሽን የማንበብ ልምድ ነው፣ እሱ ደሞ በሁለት ወር የሚስተካከል ነገር ነው። እዚህ ጅማ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ይሄዳል፣ ዋይፋዩም አብሮ፣ የኢንተርኔት ፓኬጅሽም በወሩ መሀል ያልቃል፣ ላፕቶፕሽ ግን ቻርጅ ካለው የቋንቋውን ማብራሪያ ይዞ ነው የተቀመጠው። ሌላም ጥቅም አለው፣ ፓይዶክ የሚያሳይሽ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ቨርዥን ነው፣ ኔት ላይ የምታገኚው መልስ ግን ከዓመታት በፊት ለነበረ ቨርዥን የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ኮፒ አድርገሽ አልሰራም ሲልሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የሞጁሉ (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ያሉበት ፋይል) ስም ካልመጣልሽ ከፓይዶክ ቀጥሎ ዳሽ ኬ ብለሽ አንድ ቃል ጻፊ፣ በአጭር መግለጫቸው ውስጥ ያ ቃል ያለባቸውን ሞጁሎች ይዘረዝርልሻል። በጥቁር ስክሪን ማንበብ ከከበደሽ ዳሽ ቢ በዪው፣ እዛው ኮምፒውተርሽ ላይ ትንሽ ሰርቨር አስነስቶ በብራውዘር ይከፍትልሻል፣ እሱም ያለ ኔት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ ፓይዶክ ሞጁሉን የሚያየው ኢምፖርት አድርጎ፣ ማለትም ጭኖ አስሮጦ ነው፣ የራስሽን ፋይል ስታሳዪው ከፈንክሽን ውጪ ሜዳ ላይ የጻፍሽው ኮድ ሁሉ ይሮጣል፣ ፋይል የሚያጠፋ ኮድ ካለሽ ያጠፋል።

ሲ ለሚባለው ቋንቋ ደሞ ሊኑክስ ላይ "ማን" የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ማኑዋል የሚለው አጭሩ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፣ "ማን ፕሪንትኤፍ" ብሎ ይጽፍና የሼሉ (የተርሚናሉ) ትእዛዝ ገጽ ይመጣበታል፣ የሲውን ፈንክሽን ከፈለግሽ መሀሉ ላይ 3 ቁጥር አስገቢ። ማኑዋሉ በክፍል በክፍል የተከፈለ ስለሆነ ነው፣ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ለሊኑክስ መነሻ የሆነውን የዩኒክስን ማኑዋል በ1971 እ.ኤ.አ ሲያወጡ ሰብሩቲኖቹ (ፈንክሽኖቹ) 3ኛው ክፍል ላይ ነበሩ፣ እስከዛሬም እዛው ናቸው። ገጹ ውስጥ ስላሽ ብለሽ ቃል ስትጽፊ ይፈልግልሻል፣ ኤን ወደሚቀጥለው ይወስድሻል፣ ኪው ያስወጣሻል። የሲ ገጾቹ ከሌሉ ኔት ባለ ቀን ማንፔጅስ ዴቭ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኚ።

እንግሊዝኛው ይከብደኛል ላልሽው፣ እውነት ነው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ግን የዶክመንቴሽን እንግሊዝኛ ጠባብ ነው፣ ሪተርን፣ ዲፎልት፣ ኦፕሽናል፣ ሬይዝ፣ እነዚሁ ናቸው የሚመላለሱት። ደብተር ያዢ፣ በቀን 3 ፈንክሽን፣ መጀመሪያ ገጹን አንብቢና ምን እንደሚያወጣ በአማርኛ ገምተሽ ጻፊ፣ ከዛ አስሮጪውና አስተያዪ። ግምትሽ የተሳሳተበትን አትሰርዢው፣ የምትማሪው ከሱ ነው።

ለሲቪሽ የሚሆን ነገር ደሞ ልንገርሽ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ላይ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ከስሙ ስር በሦስት ጥቅስ ምልክት ውስጥ ጻፊ፣ ዶክስትሪንግ የሚሉት እሱን ነው። ከዛ የራስሽን ፋይል በፓይዶክ ክፈቺው፣ ልክ እንደ ስፕሊት ያንቺም ፈንክሽን ከነማብራሪያው ይመጣል። እኔ ቀጣሪ ብሆን አስር የኮርስ ሰርተፍኬት ከምታሳዪኝ ይሄን ብታሳዪኝ እመርጣለሁ፣ ሌላ ሰው ተቀብሎ ሊሰራበት የሚችል ኮድ እንደምትጽፊ ወዲያው ያሳያላ።

የሚቀጥለው ፈተና ላይ ደሞ ገና ስትቀመጪ ፈታኙን "ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዶክመንቴሽን ማየት ይፈቀዳል?" ብለሽ ጠይቂ፣ ሳያፍሩ መጠየቅ ነው፣ እምቢ ካሉሽም ቢያንስ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ማታ ግን በስፕሊት ጀምሪ፣ ያንን የአቅራቢዎች ፋይል ከትዝታሽ ጻፊውና እንደገና ስሪው፣ ከዛ ዳርና ዳሩን የሚያጸዳውን ስትሪፕን እና መልሶ የሚያገጣጥመውን ጆይንን ጨምሪበት፣ የገመትሽውን ከነስህተቱ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።