ሜይ ተጋብተው ፌብሯሪ ያስጠመቁት

ጥያቄ፦ ልጄ እንግሊዝ አገር ተድራ የልጅ ልጅ ሰጥታኛለች። የሕፃኑን ዘር በአባቱም በኩል ልቁጠር ብዬ አማቼን አስቸገርሁት፤ ከኖርፎክ አጥቢያቸው መዝገብ እየገለበጠ ይልክልኛል። ሰባት ቤት ብለን የጀመርነው አሥራ ሁለት ሲደርስ ደነገጥሁ። ባልና ሚስቱ የተጋቡት ሜይ 3 ቀን 1641 ነው፤ የበኩር ልጃቸው የተጠመቀው ፌብሯሪ 20 ቀን 1641። ከሠርጉ በፊት ተወልዷል ማለት ነው? አማቼን መጠየቅ አፍሬ ለእናንተ ጻፍሁ።
ጡረተኛ መምህርት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ መምህርት፣ ሙሽራዪቱን በከንቱ አምተዋታል። እንግሊዞች እስከ 1751 ድረስ ዓመት የሚለውጡት በብሥራት በዓል፣ ማርች 25 ቀን ነበር። ያን ጊዜ ገና በዩልዮስ ቀመር፣ በአሮጌው የአውሮፓ አቆጣጠር፣ ስለሚቆጥሩ ቀኑ ከእኛው መጋቢት 29 ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሜይ 1641 የዓመቱ መግቢያ፣ ፌብሯሪ 1641 መውጫው ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1642 ማለት ነው። በጣትዎ ቢቆጥሩ ዘጠኝ ወር ከአሥራ ሰባት ቀን ያገኛሉ። አማችዎ ሲገለብጥ 1641/42 ብሎ ይጻፍ፤ የሙያው ሰዎች የሚያደርጉት እንዲሁ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተጠመቀው ሕፃን ኋላ አግብቶ ዘር የቀጠለው ሰው ራሱ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ዘጌ ውስጥ በአንድ የቡና መሬት ሙግት ሁለት ሽማግሌዎች ትንፋሽ ሳይወስዱ ዘር ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ። ሁለቱም አንድ አባት ላይ አረፉ፤ ኋላ ሲጣራ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ሆነው ተገኙ። የእንግሊዝ አጥቢያም በጆንና በዊልያም የተሞላ ነው። መጀመሪያ የቀብሩን ገጽ ይይ፤ በሕፃንነቱ የሞተን ልጅ አያት አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ ኑዛዜ ይፈልግ። ጥምቀቱ ብዙ ጊዜ የአባትን ስም ብቻ ሲይዝ፣ ኑዛዜ ግን ሚስትን፣ ልጆችንና አማችን ሳይቀር ይጠራል። የአገሬው ኑዛዜ በኖርዊች ቤተ መዛግብት፣ የባለጠጎቹ ለንደን ውስጥ ኪው በተባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። ልጁ በተጠመቀበት ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ስለተነሣ እስከ 1660 ድረስ ያለው መዝገብ በብዙ አጥቢያ የተቆራረጠ ነው፤ ክፍተት ቢያገኝ አይደነቅ። ወደ ላይም ቢሆን መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ነው፤ ከዚያ በፊት ተራ ገበሬን ተከታትሎ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ግልባጩ ብቻ አይብቃዎት፤ የገጹን ፎቶ ይላክልዎ። ስለ ሙሽራዪቱ ያሰቡትን ግን ለአማችዎ አይንገሩት።